ስድስት ጫማና አንድ ጥንድ ጫማ

አንድ ወዳጄ ባለፈው ሳምንት ኦክላንድ ውስጥ ከአንድ ቤት ጣሪያ ላይ ተንሸራትቶ ለጥቂት ተረፈ። የሌሊቱ ጭጋግ ጣሪያውን አርጥቦታል፤ እሱ የተጫማው ሶሉ ያለቀ የሩጫ ጫማ ነው። «ለምን አልቀየርከውም?» ብለው፣ «የዚህን ወር ለእናቴ ላክሁት» አለኝ። ምን ይባላል?

ወገኖቼ፣ አገር ቤት ቆርቆሮ የሚመታ ሰው በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ሲወጣ አይተናል። የዚህ አገር ጣሪያ ግን ሌላ ነው። ብዙው ቤት የተከደነው በአስፋልት ሺንግል ነው፤ በላዩ ያለው ደቃቅ ጠጠር ሲላቀቅ ከእግር ሥር ይንከባለላል። ለዚህ የሚሆነው ሶሉ ለስላሳ ጎማ የሆነ፣ የሚተጣጠፍ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ማሰሪያው የሚጠብቅ ጫማ ነው። ጭቃ ወይም ዘይት የነካውን ሶል ሳትጠርጉ መሰላል አትርገጡ። ኦክላንድ ላይ ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ፤ የሳን ሆዜ የበጋ ቀትር ደግሞ ሺንግሉን ስለሚያለሰልሰው እዚያ ሥራውን በጠዋት ጨርሱ።

ጫማ ብቻውን ግን አያድንም። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ሥራ ላይ ከ6 ጫማ ከፍታ አንስቶ አሠሪው ከመውደቅ የሚከላከል ገመድ ወይም አጥር እንዲያቀርብ ታስገድዳለች። ይህን የጠየቀን ሠራተኛ ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም እኩል ነው። ስለዚህ አትፈሩ፣ ጠይቁ!

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ እናትህ ስልክ ስታነሣ መጀመሪያ የምትጠይቅህ «ደህና ነህ ወይ?» ብላ ነው። በሚቀጥለው ወር ጫማው ይቅደም፣ ሐዋላው ይከተል። ሳይቃጠል በቅጠል!