ኮሎኒያ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን የአንድ ፍርስራሽ ፎቶግራፍ በመካከላችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ቦታው ጣሊያን አገር፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር፣ ሚላኖ ማሪቲማ ነው። ሕንፃውም ማሪዮ ሎሬቲ ነድፎት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠራ የልጆች የበጋ ማረፊያ ነበር። ከተተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሕንፃ ንድፍ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን፣ «እንዴት ያለ መስመር ነው!» እያሉ ያደንቃሉ። «ፖለቲካውን ተዉት፣ ሕንፃ ምን ኃጢአት አለው?» ይሉናል። እኛ ደግሞ መልስ አለን።

አስቀድመን እውነቱን እንመን። ነገሩ የፋሺስቶች ፈጠራ አይደለም። የድሀ ልጆችን ከነቀርሳ በሽታ ለማዳን ወደ ባሕር አየር መውሰድ በጣሊያን የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደ ሐኪሙ ጁዜፔ ባሬላይ ባሉ ሰዎች ልፋት ነው። ደግ ሥራ ነበር።

ኋላ ሙሶሊኒ መጣና ደግነቱን ቀማ። በ1926 ባሊላ የሚባለው የሕፃናት ድርጅት ተቋቋመ። የስምንት ዓመት ልጅ ዩኒፎርም ለበሰ፤ ለቁመቱ የተሠራ ጠመንጃ ይዞ ሰልፍ ተማረ። በየባሕር ዳሩ ማረፊያም ባንዲራ ሲሰቀልና ሲወርድ ተሰልፎ እጁን ዘረጋ። ዳቦው እውነተኛ ዳቦ ነበር፤ ይህን አንክድም። ግን ሂሳቡስ?

እስቲ ሕንፃውን የቀድሞ ስሙን እንጠይቀው። «ኮስታንሶ ቺያኖ» ይባል ነበር። ኮስታንሶ የጋሌያትሶ ቺያኖ አባት ነው። ጋሌያትሶ ደግሞ የሙሶሊኒ አማች ሲሆን፣ በ1935 እና በ1936 አገራችንን በቦምብ የደበደበ የአውሮፕላን ጓድ አዛዥ ነበር። ያ ጦርነት በገበሬውና በከብቱ ላይ የይፕሪት መርዝ ያዘነበ ጦርነት ነው። በነዚያ ዓመታት የእነሱ ልጅ አሸዋ ላይ ሲንከባለል፣ የኛ ልጅ ከሰማይ በወረደ እሳት ይቃጠል ነበር።

ጣሊያንኛው ራሱ ያጋልጣቸዋል። የልጆች ማረፊያው «ኮሎኒያ» ይባላል፤ በጦር የተያዘ የሰው አገርም «ኮሎኒያ» ነው። ጓደኞቻችን ግን አንዱን ትርጉም አንብበው ሌላውን ይዘሉታል።

«ታዲያ ይፍረስ ነው የምትሉት?» ብትሉን፣ አይደለም። የሚያስፈራን ፍርስራሹ ሳይሆን መርሳቱ ነው። ካቶሊካ በምትባለው ከተማ በ1934 በመርከቦች አምሳል የተሠራ ሌላ ማረፊያ አለ። ዛሬ የዓሣ ማሳያ ሆኖ አባት ልጁን ይዞ ቲኬት ቆርጦ ይገባል። መልካም ነው። ግን የቀድሞ ስሙ «ኦክቶበር 28» ነበር፤ በ1922 ፋሺስቶች ወደ ሮም የዘመቱበት ቀን። ይህን ለልጁ የሚነግረው አባት ስንት ይሆን?

ስለዚህ ጓዶች፣ መስመሩን አድንቁ፤ አንከለክላችሁም። ስሙን ግን አብራችሁ ጻፉ። እኛ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12ን ሐውልት እያየን የምናልፍ ተማሪዎች ነን። በ1929 ዓ.ም. በዚች ከተማ ከታረዱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። «ሕንፃ ምን ኃጢአት አለው?» ማለት ለሌላ ሰው ይቀልል ይሆናል፤ ለኛ አይቀልም።

ደግሞም ነገሩ የጣሊያን ብቻ አይደለም። ማንም መንግሥት፣ የኛም ቢሆን፣ ሕፃናትን ሰብስቦ ዳቦ ሲያድል ብናይ፣ ዳቦውን ከማመስገናችን በፊት «ምን እያዘመርካቸው ነው?» ብለን እንጠይቅ።