«አይነሳም» ብለን ፎርማት ከማድረጋችን በፊት

ኮምፒውተር ሲያስቸግር የእኛ ሰፈር መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ? ምን ይጠየቃል፣ ፎርማት ነዋ! መድኃኒቱ አንዳንዴ ይሠራል። ችግሩ ግን በሽታው ምን እንደነበር ሳናውቅ መዳናችን ነው። በሚቀጥለው ወር ያው በሽታ ተመልሶ ሲመጣ ያው ፍላሽ ተይዞ ያው ጥገና ቤት ይኬዳል።

ይህ ልማዳችን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠን ቤታ ስንሞክር ነው። ቤታ ማለት ሠሪዎቹ «ገና አላለቀም፤ ሞክሩትና የተበላሸውን ንገሩን» ብለው የሚለቁት የሙከራ ሥሪት ነው። ብዙዎቻችን የምንሞክረው ደግሞ በቨርቹዋል ማሽን ነው። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም እንጭናለን፤ ከራማችን ትንሽ፣ ከሃርድ ዲስካችን ትንሽ እንቆርስለታለን፤ በኮምፒውተራችን ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ይፈጠራል። አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እዚያ ውስጥ ይጫናል። ቢበላሽ የሚበላሸው የውስጡ ነው። ለመላው ቤተሰብ አንድ ላፕቶፕ ላለው ልጅ ይህ ቅንጦት አይደለም። የእህቱ አሳይንመንትና የአባቱ የሱቅ ሒሳብ ያለበትን ዲስክ ሳይነካ ሰብሮ የሚማርበት ቦታ ነው።

ታዲያ የውስጡ ኮምፒውተር ጥቁር ስክሪን ላይ ቀጥ ሲል ምን እናደርጋለን? «አይነሳም» እንላለን፤ እናጠፋዋለን፤ ሌላ እናወርዳለን። የዛሬው ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። «አይነሳም» የምርመራ መጀመሪያ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። የአገራችን ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል። ሥሩን ካላየነው ቤታውን መሞከራችን ለእኛም ለሠሪዎቹም ትርጉም የለውም።

እስቲ ነገሩን አዲስ ቅዳም ወስደን እንየው። አዲስ ቅዳም የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። እዚያ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት የመጀመሪያው ፈተና ፋይሉን ማግኘት ነው። የአንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አይኤስኦ ፋይል አምስትና ስድስት ጊጋባይት ይደርሳል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የማናስታውስ የለንም። ኢንተርኔት ሲኖርም መብራት ይሄዳል፤ ዳውንሎዱ ከግማሽ ይቀጥላል። ካልሆነም ከባሕር ዳር በመጣ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ የቆየ ፋይል ነው እጃችን የሚገባው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፋይሉ ራሱ ነው። አንድ ሜጋባይት እንኳ ቢጎድል ቤታው ላይነሳ ይችላል። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሌላ አምስት ጊጋባይት ማውረድ አያስፈልግም። ሠሪዎቹ ከፋይሉ ጋር ሻ-256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያወጣሉ። የፋይሉ የጣት አሻራ በሉት። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል፣ ሊኑክስ ላይ ሻ256ሰም የሚባሉት ትእዛዞች የእኛን ፋይል አሻራ አስልተው ያወጡልናል። ሁለቱ ከገጠሙ ፋይሉ ነጻ ነው፤ ካልገጠሙ ሌላውን ሁሉ መነካካት ከንቱ ድካም ነው። ደቂቃዎች የሚወስድ፣ ለኢንተርኔት የሚከፈልበት ጥቂት ኪሎባይት ብቻ የሆነ ምርመራ ነው። የጥቅል ዋጋ ለሚያስጨንቀን ለእኛ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ፋይሉ ነጻ ከሆነ ወደ ማሽኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ስክሪኑ ራሱ ይናገራል፤ የማንሰማው እኛ ነን። «የሚነሳበት ነገር አላገኘሁም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ከመጣ ቤታው አልተበላሸም፤ አይኤስኦው ከማሽኑ ጋር አልተያያዘም ወይም የመነሻ ቅደም ተከተሉ ተሳስቷል። ቨርቹዋልቦክስ 32 ቢት ብቻ እያሳየ 64 ቢት ምርጫ ከነፈገን፣ ብዙ ጊዜ በላፕቶፑ ባዮስ ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን ማብሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። ኢንቴል ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤኤምዲ-ቪ ይባላል። በመስኮቱ ታችኛው ጥግ አረንጓዴ ኤሊ ከታየችን ደግሞ ዋናው ዊንዶውስ በሃይፐር-ቪ በኩል ቨርቹዋላይዜሽኑን ቀድሞ ይዞታል ማለት ነው። ኤሊዋ ቀልድ አይደለችም፤ «ቀርፋፋ የሆንኩት ለዚህ ነው» እያለችን ነው።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን እ.ኤ.አ. በጁን 2021 ሲያስተዋውቅ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ግዴታ አደረገ። የሙከራ ሥሪቶቹ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቨርቹዋል ማሽኖችን በዚህ አላስቸገሩም። በሴፕቴምበር 2021 በወጣ የሙከራ ሥሪት ላይ ሕጉ ለቨርቹዋል ማሽንም ተፈጻሚ ሆነ። የዚያን ጊዜው ቨርቹዋልቦክስ ቲፒኤም የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የመጣለት በኦክቶበር 2022 በወጣው 7.0 ሥሪት ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ማሽን ዛሬ አዲሱን ሥሪት አልቀበልም ሲል ባለቤቱ ምንም አልነካም ነበር። ይህን ያላነበበ ሰው አሥር ጊዜ ፎርማት ቢያደርግ ምን ያገኛል?

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጡት የዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ሙከራ ሥሪቶች በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ጭራሽ አልነሳ አሉ። ሞካሪዎች ሲመረምሩት ሥሪቱ ፖፕካውንት የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ የግድ እንደሚፈልግ ታወቀ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር በተለቀቀው ያለቀ ሥሪትም ኤስኤስኢ 4.2 የሌለው ፕሮሰሰር ተስፋ የለውም። ኮር 2 ዱዎ ላይ ያለን ሰዎች፣ ይህ ለእኛ ነው። ቨርቹዋል ማሽን የላፕቶፑን ፕሮሰሰር ነው የሚዋሰው፤ የሌለውን አይሰጥም። እንዲህ ዓይነቱን በቅንብር አንፈታውም። ማወቃችን ብቻ ግን አንድ ሳምንት ከንቱ ልፋት ያተርፈናል።

ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ዛፍና በከሰል የታወቀ ወረዳ ነው። ከሰል የሚያከስል ገበሬ እንጨቱን በአፈር ከደፈነው በኋላ በየሰዓቱ እየከፈተ አያይም። ቢከፍተው አየር ገብቶ አመድ ያደርግበታል። ጭሱን እያየ ነው ውስጡን የሚያውቀው። እኛም ከዚህ የምንማረው አለ። ማሽኑ አልነሳ ሲል ራሙንም፣ ኢኤፍአዩንም፣ ዲስኩንም፣ ግራፊክሱንም በአንድ ጊዜ ከቀያየርን፣ ቢነሳ እንኳ የትኛው እንዳስነሳው አናውቅም። አንድ ነገር ቀይር፤ ሞክር፤ ጻፍ። ካልሠራ ወደ ነበረበት መልስና ሌላውን ቀይር። ቨርቹዋልቦክስ ለዚህ ስናፕሾት የሚባል መመለሻ አለው፤ ሥራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ ፋይልም አለው። ጭሱ እዚያ ነው።

«ኧረ ተዉን! ቤታ ምን ያደርግልናል? ሲያልቅ እንጠቀምበታለን» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነጥቡ ቀላል አይደለም። ጊዜ ገንዘብ ነው፤ መብራትም ጥቅልም ገንዘብ ነው። ነገር ግን ያለቀ ነገር ብቻ የሚጠብቅ ሰው፣ ሌሎች በወሰኑት ላይ አስተያየት የለውም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል፤ በላዩ ላይ ቲፒኤም። በእጃችን ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ነገም ያው ነው። ወደ ሊኑክስ እንሻገር? የቱን? በ4 ጊጋባይት ራም የቱ ይሻላል? የአማርኛ ኪቦርዱ ይሠራል? ይህን ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን ዲስክ ሳይነኩ የሚመልሱበት ቦታ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ኡቡንቱን ብንወስድ በየዓመቱ ሚያዝያና ጥቅምት አካባቢ አዲስ ሥሪት ያወጣል፤ ቤታው ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ ይለቀቃል። ፊደላችን ላይ የሚታይ እንከን ካለ የሚነገረው ያኔ ነው።

ፊደላችንም ኮምፒውተር ውስጥ በራሱ አልገባም። በዩኒኮድ 3.0 ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመት አለ፤ ሁለቱም የሆኑት ቁጭ ብለው ጉድለቱን በዝርዝር በጻፉ ሰዎች ልፋት ነው። «አማርኛ አይሠራም» ብሎ በመተው የመጣ ነገር የለም።

ታዲያ እንዴት እንጻፍ? ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች መጀመሪያ ከምናጠናው ነገር አንዱ የዜና ጥያቄዎች ናቸው፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የብልሽት ሪፖርትም ከዚህ አይለይም። የየትኛው ቤታ የትኛው ሥሪት? በየትኛው ፕሮሰሰርና በስንት ራም? ቨርቹዋልቦክሱ ስንተኛው ነው? የትኛው ደረጃ ላይ ቆመ? ስክሪኑ ቃል በቃል ምን አለ? ምን ቀየርን፣ ከዚያስ ምን ሆነ? «ለምን» የሚለውን ካላወቅነው እንተወው፤ እሱ የሠሪዎቹ ድርሻ ነው። የቀረውን ግን ከእኛ በቀር የሚያውቀው የለም። ሠሪዎቹ ዘንድ መብራት ሁለቴ የጠፋበት ጭነት፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የዞረ አይኤስኦ፣ አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ምን ያህል እንደሚሞከር ማሰብ ነው።

ኮምፒውተር ለምታስተምሩ መምህራን አንድ ልመና አለን። ፈተናው ላይ «ኦፕሬቲንግ ሲስተም ምንድን ነው?» ከሚል ጥያቄ ጎን አንድ የማይነሳ ቨርቹዋል ማሽን አስቀምጡ። ተማሪው ባያስነሳው እንኳ የሞከረውን በቅደም ተከተል ከጻፈ ሙሉ ማርክ ይገባዋል። ለእኛ ለእኩዮቻችሁ ደግሞ፣ ፍላሹን ይዛችሁ ወደ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የፋይሉን አሻራ አመሳክሩ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ከዚያ በኋላ «አይነሳም» ብትሉን ሻይ ይዘን አብረን እንቀመጣለን።