ዳግመኛ ከመመዝገብ በፊት

ውጭ አገር ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ለማመልከት የሚወሰደው የጂአርኢ ፈተና ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ውጤቱን ወዲያው አይናገርም። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ውጤቱ ይያዝ ወይስ ይሰረዝ? ተፈታኙ ይህን የሚወስነው ስንት እንዳመጣ ሳያውቅ ነው። «ይያዝ» ካለ ከ130 እስከ 170 ባለው መስፈሪያ የተለኩ ሁለት ቁጥሮች፣ አንዱ የቨርባል ሌላው የሒሳብ፣ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ፤ የድርሰቱ ዘግይቶ ይመጣል። የወራት ድካም ቁርጡ የሚታወቀው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ቁጥሩ ከታሰበው ካነሰ ደግሞ ብዙዎች ገና ቤታቸው ሳይደርሱ የሚቀጥለውን የፈተና ቀን በስልካቸው ማሰስ ይጀምራሉ።

ገንዘብና ጊዜ የሚበላው ይህ ችኮላ ነው። ውጤቱ ያላስደሰተው አመልካች በቅድሚያ ሊያደርግ የሚገባው ቁጥሩ ምን እንደሚል ማንበብ፣ ከዚያም የሚያመለክትበት ዲፓርትመንት ለቁጥሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ ማጣራት ነው። ይህን ያደረገ ሰው ሁለተኛ መፈተን እንደማያስፈልገው የሚረዳበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወጪው ቀላል አይደለም። ፈተናው 220 ዶላር ይጠይቃል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ይህ በባንክ ዋጋ 12,500 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ25,000 ብር ያልፋል። ለአንድ ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከወር ደመወዙ በላይ ነው። ያውም ዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ ነው፤ ያልተገኘለት አሜሪካ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ደጅ ይጠናል። የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ አቅም ለሌላቸው የሚያደርገው የክፍያ ቅናሽ በዋናነት ለአሜሪካ ዜጎችና ነዋሪዎች ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለሚፈተን ሰው አይደርሰውም።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይላል? በቨርባል 160 ያመጣ ሰው ከመቶ ተፈታኞች ከሰማንያ የሚበልጡትን አስከትሏል። ያው 160 በሒሳብ ሲሆን ግን ቦታው መሀል አካባቢ ነው፤ በኢንጂነሪንግና በኮምፒውተር ሳይንስ የሚያመለክቱ ሒሳብ የለመዱ ተፈታኞች ስለሚበዙ። ስለዚህ «155 አመጣሁ» ብሎ አንገት የደፋ ልጅ በየትኛው ክፍል እንደሆነ ሳይታወቅ ማዘንም ማጽናናትም አይቻልም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ውጤት ወደ 2 ነጥብ የሚጠጋ የመለኪያ ስሕተት አለው። 156 ያመጣችው ልጅ ከ158ቱ ጓደኛዋ ታንሳለች ለማለት ፈተናው ራሱ አቅም የለውም።

ቨርባሉን ቀረብ ብሎ ላየው ሌላም ነገር ያስተውላል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ፈተናው አጥሮ ወደ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከወረደ ወዲህ የቨርባሉ የመጀመሪያ ክፍል 12 ጥያቄ በ18 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 15 ጥያቄ በ23 ደቂቃ ነው። ከጥያቄዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገርና ስድስት ቃላት የሚሰጥበት አለ። ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሩን ተመሳሳይ ትርጉም የሚያሲዙት ሁለቱ ይመረጣሉ። አንዱን አግኝቶ ሌላውን የሳተ ዜሮ ነው፤ ግማሽ ነጥብ ብሎ ነገር የለም። እንግሊዝኛን ከአማርኛ ወይም ከኦሮምኛ ቀጥሎ በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ይህ በአመዛኙ የቃላት ክምችት ፈተና ነው። ለምሳሌ የሃይድሮሎጂ አመልካችን የምርምር ችሎታ በዚህ መመዘን ይከብዳል፤ የሃይድሮሎጂ ዲፓርትመንቶችም ይህን አያጡትም።

ኢቲኤስ ራሱ ለዩኒቨርሲቲዎች ባወጣው የአጠቃቀም መመሪያ አመልካችን በጂአርኢ መቁረጫ ነጥብ ብቻ መጣል እንደማይገባ ጽፏል። ፈተናውን የሚሸጠው ድርጅት ይህን ካለ፣ ተፈታኙ ከሻጩ በላይ ቁጥሩን የሚያመልክበት ምክንያት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ሁለት ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። አንዱ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል ትምህርት የጀመሩ 683 የፒኤችዲ ተማሪዎችን ተከታትሎ ነበር። የጂአርኢ ውጤት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ማርክ በመጠኑ ጠቁሟል፤ ማን እንደሚመረቅና ስንት ጽሑፍ እንደሚያሳትም ግን አላሳየም። ሌላው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል 280 ተማሪዎች ላይ የተደረገ ሲሆን ብዙ ያሳተሙትን ለይቶ ያመለከተው ከጂአርኢም ከማርክም ይልቅ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ መሰሉ ክርክር ግፊት በርካታ የሳይንስ ዲፓርትመንቶች ፈተናውን ትተዋል፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2022 ለፒኤችዲ ቅበላ እንዳይታይ ወስኗል።

ፈተናው ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱ ጥናቶች ያዩት ተመርጠው የገቡትን ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የቀሩት ቢገቡ ምን ያደርጉ እንደነበር አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2001 እነ ኩንሴል የተባሉ ተመራማሪዎች ከ82,000 የሚበልጡ ተማሪዎችን መረጃ አጠቃለው ፈተናው የድኅረ ምረቃ ማርክን እንደሚተነብይ አሳይተዋል። የኢኮኖሚክስ ፒኤችዲ ኮሚቴዎች ዛሬም የሒሳቡን ቁጥር አጥብቀው ያያሉ። በዚህ መስክ የሚያመለክትና በሒሳብ ዝቅ ያለበት ሰው፣ ለዚያ ሰው፣ ሁለተኛው 220 ዶላር ተገቢ ወጪ ነው።

ለሌላው ግን የቀን መቁጠሪያው ራሱ መልስ ይሰጣል። ሕጉ በሁለት ፈተናዎች መካከል 21 ቀን ያስጠብቃል፤ በ12 ወር ውስጥም ከአምስት ጊዜ በላይ አያስፈትንም። ኅዳር 5 ቀን የተፈተነ ሰው ቶሎ ቢባል ኅዳር 26 ይደግማል፤ ውጤቱ በ8 ወይም በ10 ቀን ሲወጣ ታኅሣሥ 4 ወይም 6 ይሆናል። ብዙ የፒኤችዲ ማመልከቻዎች በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ወይም 15 ይዘጋሉ፤ ይኸውም ኅዳር 22 ወይም ታኅሣሥ 6 ነው። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ወደ ቃላት ሽምደዳ ሲሄዱ የዓላማ መግለጫው ድርሰት በመጨረሻው ሌሊት ይጻፋል፤ ፕሮፌሰሮች ጋ መላክ የነበረበት ኢሜይልም ሳይላክ ይቀራል።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን የድጋፍ ደብዳቤው ነው። አገር ቤት የተለመደውን አሠራር የተመረቀ ሁሉ ያውቀዋል፦ መምህሩ ጊዜ የለውም፣ «ራስህ ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» ይላል። ተማሪውም ይሉኝታ ይይዘውና ስለ ራሱ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ጠባየ መልካም» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለአንድ የአሜሪካ ኮሚቴ ምንም አይነግረውም። ተማሪው ጣና ዳር የውኃ ናሙና ሲሰበስብ መሣሪያው ተበላሽቶበት እንዴት እንደጠገነው፣ መረጃው ሳይገጥም ሲቀር ምን ብሎ እንደጠየቀ የሚተርክ አንድ ገጽ ግን ሦስትና አራት የቨርባል ነጥብ የማይሠራውን ይሠራል። መምህሩን በቡና ሰዓት ቁጭ አድርጎ ይህን ማስታወስ ዶላር አያስወጣም። የትኛው ዲፓርትመንት ጂአርኢ እንደማይጠይቅ ለማወቅም ድረ ገጹን መክፈት ወይም አዲስ አበባ ያለውን ስለ አሜሪካ ትምህርት የሚያማክረውን የኤጁኬሽን ዩኤስኤ አማካሪ መጠየቅ ይበቃል።

እዚህ ላይ ቤተሰብም ድርሻ አለው። ማትሪክ ስንት እንዳመጣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው የሚጠይቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር፤ ድንጋጤው ግን በየቤቱ ሲገባ ወደ ልጁ ዞሯል። ማስተርስ ላይ የደረሰ ሰውም ያንኑ ፍርሃት ይዞ ነው ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው። «ስንት አመጣህ?» ከሚለው ይልቅ «የት የት ልታመለክት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ልጁን በዚያ ሰሞን በብዙ ይረዳዋል።

የጂአርኢ ተፈታኝ ቢያንስ አማራጭ አለው፤ አንዱ ዲፓርትመንት ቢዘጋበት ቁጥሩን የማይጠይቅ ሌላ ይፈልጋል። አገር ውስጥ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለሚፈልግ ግን ይህ መውጫ የለም። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ ማለፊያውን ያላመጣ በዚያ ዙር አይገባም። ቀድሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋም የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጥ ነበር። ወጥ ፈተና መምጣቱ ክፋት የለውም፤ በትውውቅ መግባትን ያጠብባል፣ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ የሚለያየውን ማርክም ለማነጻጸር ይረዳል። ችግሩ የማለፊያው መስመር ላይ ነው። የትኛውም ፈተና የመለኪያ ስሕተት ካለው፣ ከማለፊያው በአንድና በሁለት ነጥብ የጎደለን አመልካች ካለፈው መለየት አይችልም። ሚኒስቴሩ ለእነዚህ ሰዎች ጠበብ ያለ መንገድ ቢከፍት ይገባዋል፦ ዲፓርትመንቱ የመመረቂያ ሥራቸውንና የሥራ ልምዳቸውን ያይ፣ ቃለ መጠይቅ ያድርግ፣ የተቀበለበትንም ሆነ ያልተቀበለበትን ምክንያት በጽሑፍ አስፍሮ ይፈርምበት።