የስዴሮት መሐል ከተማ የእኛም ነው



ስለ ጠረፍ ከተሞች በሬዲዮም በቴሌቪዥንም የሚወራው ስለ ሮኬትና ስለ ሐዘን ብቻ ነው። እኛ ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ሰው ዳቦ ስለሚገዛበት፣ ሽማግሌ ስለሚቀመጥበት፣ ወጣት ስለሚቀጣጠርበት ቦታ፣ ይኸውም ስለ ስዴሮት መሐል ከተማ ነው። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ በጋዛ ዙሪያ ያሉትን ሰፈሮችና ስዴሮትን መልሶ ለማቋቋም ‹ትኩማ› የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቁሟል፤ ብዙ ቢሊዮን ሸቀልም ተመድቧል። ፕላን የሚነድፉ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው። በዚያ ፕላን ውስጥ መሐል ከተማው ምን እንደሚሆን፣ እኛም በመሐል ከተማው ውስጥ የት እንደምንገኝ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ስዴሮት ማለት በዕብራይስጥ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት መንገድ ማለት ነው። የተቆረቆረችው በ1951 እንደ መዓባራ፣ ማለትም የአዲስ ገቢዎች ጊዜያዊ መጠለያ ሆና ነው። መጀመሪያ የገቡት ከኩርዲስታንና ከኢራን የመጡ አይሁድ ናቸው፤ ቀጥሎ የሞሮኮዎቹ መጡ። በ1990ዎቹ ዓመታት ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት አገሮች የመጡትና የእኛ ቤተሰቦች ተጨመሩ። ከተማ ተብላ የተሰየመችው በ1996 ነው። የቀድሞዎቹን መንግሥት በመኪና ጭኖ አምጥቶ አራገፋቸው፤ ከእኛ ብዙዎቹን ደግሞ ያመጣቸው ሚሽካንታው የሚበቃው እንዲህ ባሉ ከተሞች ውስጥ ላለ ቤት መሆኑ ነው። እንግዲህ በዚያች ከተማ አደባባይ የሚገናኙት ሰዎች አብዛኞቹ መርጠው የመጡ አይደሉም። ግን ተላመዱ፤ ተጋቡ፤ ተጣሉ፤ ታረቁ። የስዴሮት ሰው ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ቶሎ ይቆጣል፤ ቶሎም ይበርድለታል፤ የቸገረው ሰው ሲያይ ግን ‹ከየት ነህ› ሳይል በሩን ይከፍታል። በሚሙና ማታ ከሞሮኮዎቹ ቤት ሙፍሌታ ሳይቀምስ ያደገ ልጅ ቢኖር ይገርመናል።

የጠረፍ ኑሮ ለእኛ ለቤተ እስራኤላውያን እንግዳ አይደለም። ወደ ሱዳን ስንሻገር ብዙዎቻችን በመተማ ወይም በሁመራ በኩል አልፈናል። የጠረፍ ገበያ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ገንዘብ፣ ማን ከየት እንደመጣ የማይጠየቅበት ግርግር። ስዴሮትም እንዲህ የነበረችበት ዘመን ነበር። በ1987 መጨረሻ የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ እስኪነሣ ድረስ የስዴሮት ሰው ወደ ጋዛ ገበያ ሄዶ ይሸምት፣ የጋዛ ሰውም በስዴሮትና በአካባቢዋ ይሠራ ነበር። በአረብኛ ይገባቡ ነበር። አጥሩ የመጣው ኋላ ነው። ከአጥሩ እስከ ከተማዋ ጠርዝ ያለው ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአገራችን ቢሆን ከብት የሚያግድ ልጅ በጠዋት ደርሶ የሚመለስበት መንገድ ነው።

በኤፕሪል 2001 የመጀመሪያው የቃሳም ሮኬት በከተማዋ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ የሕዝቡ ጠባይ ሁሉ በአሥራ አምስት ሰከንድ ተለካ፤ ምክንያቱም ‹ጸቫ አዶም› ተብሎ ከተነገረ በኋላ ያለው ጊዜ ያ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ቶሎ ዘሎ ለመውረድ ሲል ቀበቶውን አያስርም ነበር፤ ማንቂያውን ለመስማት መስኮቱን ከፍቶ ሬዲዮውን ዝቅ ያደርጋል። ሰው ገላውን የሚታጠበው እየተቻኮለ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እማማ በአሥራ አምስት ሰከንድ የት ይደርሳሉ? ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። በአሮጌ ሽኩኖች ውስጥ ማማድ እስኪሠራላቸው ድረስ ስንት እናቶቻችን የደረጃውን ግድግዳ ተደግፈው ጸለዩ! በሴፕቴምበር 29 ቀን 2004፣ በሱኮት ዋዜማ፣ ደጅ ሲጫወቱ በሮኬት የሞቱት የአራትና የሁለት ዓመት ሕፃናት የእኛው ማኅበረሰብ ልጆች ነበሩ። ከከተማዋ ሰው ይህን የረሳ የለም፤ ከውጭ ያለው ግን ረስቶታል።

ከዚህ በኋላ ኑሮ ወደ ውስጥ ገባ። የአውቶቡስ መጠበቂያው ሲሚንቶ ሆነ። በመናፈሻው ልጆች የሚገቡበት የአባጨጓሬ ምስል ያለው መጠለያ ተሠራ፤ በ2009 ጣራው የተጠናከረ ትልቅ የልጆች መጫወቻ አዳራሽ ተከፈተ፤ በ2013 መጨረሻ የተከፈተው የባቡር ጣቢያም ሮኬት እንዲቋቋም ሆኖ ተገነባ። እነዚህ ሁሉ ሕይወት አድነዋል፤ አናጣጥላቸውም። አሚር ፔሬጽም፣ የከተማዋ የቀድሞ ከንቲባ፣ የመከላከያ ሚኒስትር ሳለ ብዙዎች እያላገጡበት ኪፓት ባርዜል እንዲሠራ መወሰኑን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ስንቱን ሮኬት በአየር ላይ አስቀርቷል። ይሁንና ሰው በመጠለያ ውስጥ ብቻ ከተማ አይሆንም። ይህን ከሁሉ ቀድመው የተረዱት የከተማዋ ወጣቶች ናቸው። ምድር ቤት ያሉትን ሚክላቶች የሙዚቃ መለማመጃ አደረጓቸው። ስፋታይም፣ ቲፓክስ፣ ክኔሲያት ሃሴኼል የተባሉት የሙዚቃ ቡድኖች ከዚችው ትንሽ ከተማ ወጥተው አገር አወቃቸው። ሞሮኮዎቹ የአባቶቻቸውን ዜማ ሳያፍሩበት ይዘው መውጣታቸውን የእኛ ልጆች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከተማዋን ለማየት የሚመጣ ትልቅ ሰው ሁሉ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ይወሰድ ነበር። እዚያ የወደቁት የሮኬት ስብርባሪዎች ተደርድረው ይታያሉ። በ2008 ባራክ ኦባማ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር መጥቶ አይቷቸዋል። እንግዳው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የአትክልት ነጋዴው እዚያው ይቀራሉ። በዚህ መንገድ ስዴሮት ለብዙ ዓመታት የመከራ ማሳያ መስኮት ሆና ቆየች። በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጠዋት የታጠቁ ሰዎች በፒክአፕ ተጭነው ገብተው መንገድ ላይ ያገኙትን ገደሉ፤ ወደ ሙት ባሕር ለመጓዝ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩ ጡረተኞች ሳይቀሩ ወደቁ። ያው ፖሊስ ጣቢያ ተያዘ፤ ውጊያው እስከ ማግስቱ ቀጠለ፤ ሕንፃው ፈረሰ፤ ቦታው ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራ ነው። በከተማዋ የተገደሉት ከ50 በላይ ናቸው።

ነዋሪው በየሆቴሉ ተበተነ። የሆቴል ኑሮ ምን እንደሆነ መርካዝ ክሊታ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምግቡ ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ ቁልፉም የራስህ አይደለም። በማርች 2024 ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ብዙው ሰው ተመለሰ። የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ምንድን ነው? ‹እንኳን ደኅና መጣህ› የሚለውን ባለ ሱቅ ነው። ሱቁ ተዘግቶ ካገኘው፣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ፣ የተመለሰው ወደ ቤቱ እንጂ ወደ ከተማው አይደለም።

ስለዚህ ለመልሶ ማቋቋሚያ የተመደበው ገንዘብ ሁሉ በከተማዋ ዳር ለሚሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች ከዋለ ጉዳቱ ይታየናል። አዲሱ ሰፈር ቆንጆ ነው፤ ማማድ አለው፤ መኪና ያለው ሰው ግን ከዚያ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቤርሼቫ ወይም ወደ አሽቀሎን ካኒዮን ይነዳል። መሐል ከተማው ለማን ይቀራል? መኪና ለሌላቸው፣ ለሽማግሌዎች፣ ኪራይ ለከበደባቸው፣ ማለትም በብዛት ለእኛ። በሳፒር ኮሌጅ የሚማሩት ተማሪዎች ማታ ማታ ካፌውን ባይሞሉት ኖሮ ጉዳዩ ከዚህም በከፋ ነበር። መንግሥት ለትልልቅ ፋብሪካ ማበረታቻ እንደሚሰጠው ሁሉ ለትንሹም ባለ ሱቅ ቢያንስ ደንበኛው እስኪመለስ ድረስ የሚቆይ እርዳታ መስጠት አለበት እንላለን። አርኖናውም እንደ ሰላም ጊዜ ሊታሰብበት አይገባም።

ለራሳችን ሰዎችም የምንለው አለ። ብዙ ቤተሰቦቻችን መሐል ከተማ የሚወርዱት ለጉዳይ ብቻ ነው፤ ባንክ፣ ኩፓት ሆሊም፣ ቢቱዋሕ ሌኡሚ፤ ጉዳዩ እንዳለቀም ወደ ሽኩን። ቡናው በቤት፣ ለቅሶው በቤት፣ እርቁ በቤት። ይህ ባህላችን ነው፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በአደባባይ የማይታይ ሕዝብ ፕላን ሲነደፍ ትዝ አይልም። ሽማግሌዎቻችን በአደባባዩ ወንበር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ያየ የዒሪያ ሠራተኛ ወንበሩን ከማንሣቱ በፊት ያስባል። ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት› የሚባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አደጋ በደረሰ ጊዜ በር የሚያንኳኳው በስም የሚያውቅህ ሰው ነው፤ በስም የሚያውቅህም ዳቦ ስትገዛ ያገኘህ ነው። እንጀራና በርበሬ ለመሸጥ የሚፈልጉ እናቶች ከቤታቸው ጓዳ ወጥተው በመንገድ ላይ በር እንዲከፍቱ ልጆቻቸው በቅጹና በፈቃዱ ይርዷቸው።

የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ገብቶ ለማዳመጥ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ዕብራይስጥ ያልሆነላቸው አባቶች ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዘው ይግቡ። በመሐል ከተማ መጠለያዎች ላይ የሚለጠፈው መመሪያ በአማርኛም እንዲጻፍ፣ የሽማግሌዎች መቀመጫ ጥላ ያለውና አሥራ አምስት ሰከንድ ሳይሞላ መጠለያ የሚደረስበት ቦታ ላይ እንዲሆን፣ ስለ አሮጌዎቹ ሽኩኖች መታደስ የሚመጣው ወረቀትም ባለቤቶቹ ከመፈረማቸው በፊት በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነበብላቸው ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉና ወደ እኛ ይላኩት፤ ከተማው የመለሰውን በዕብራይስጡም በአማርኛውም ገጽ እናወጣዋለን።