የማያጨበጭብ እጅ

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የባህል ምግብ ቤት መሶብ ከበን ተቀምጠናል። ከበሮው ሲፋጠን አንዲት ተወዛዋዥ ከመድረክ ወርዳ ከአጠገባችን ለተቀመጠ ጎልማሳ ትከሻዋን ሰጠችው። በእኛ ጭፈራ ይህ ግብዣ ነው። የተጋበዘ ሰው ተነሥቶ ትከሻ ይመልሳል፤ መነሣት ቢያፍር እንኳ እያጨበጨበ «እሰይ!» ይላታል። ሰውየው ግን ስልኩን አውጥቶ መብራቱን ፊቷ ላይ ለቀቀው። ዓይኗን ጨፈን አደረገች፤ ትከሻዋም ቆመ። ከዚያ ለስልኩ ፈገግ ብላ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አለችና አለፈች። የሚቀጥለው መሶብ ላይ ያሉትም ስልካቸውን ደግነው ይጠብቋት ነበር።

«ምን አለበት? ባህላችንን ማስተዋወቅ እኮ ነው» ይባላል። ይህን አባባል ከልቤ እቃወማለሁ።

እስክስታ የሁለት ወገን ሥራ ነው። አዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ለአዝማሪው ግጥም እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ተወዛዋዥም ከታዳሚው ጭብጨባና እልልታ ትቀበላለች። ጭብጨባው ሲደምቅ ከበሮ መቺው ይጋላል፣ እሷም ያላሰበችውን ትጨምራለች፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የለመደችውን ብቻ ሠርታ ትወጣለች። ስልክ የያዘ እጅ አያጨበጭብም። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የሚያጨበጭቡት አራት ወይም አምስት ሰዎች ነበሩ። የድምፅ ማጉያው ጩኸት ስለሚሸፍነው ይህ ዝምታ በቪዲዮው ላይ አይሰማም፤ ለምትጨፍረው ልጅ ግን ይሰማታል። ሰው የሚቀርጸው እንግዲህ እሱ ራሱ ያቀዘቀዘውን ጭፈራ ነው።

ጭፈራው ከሠርግ ድንኳንና ከአውድማ ተነሥቶ መድረክ ላይ መውጣቱ ራሱ አንድ ነገር አጉድሎበታል። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ሰው በጨፋሪው ዙሪያ የሚሠራው ክብ በአንድ ጎኑ ተከፍቶ ጨፋሪና ተመልካች ተለያይተዋል። ቢሆንም ዓይን ለዓይን መተያየቱ ቀርቶ አያውቅም ነበር። ካዛንቺስ በነበረው፣ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይመራው በነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው በጨፋሪና በተመልካች መካከል የአንድ ክንድ ርቀት ብቻ ሲቀር ጭፈራው ምን እንደሚመስል ያውቃል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የወላይታው ጭፈራ ነው። ወገብ የሚጠይቅ፣ ለዓመታት የሚለመድ ጥበብ ነው። አንዱ ከታች ወደ ላይ ይቀርጸዋል፤ ወገቡን ብቻ አቅርቦ አሥር ሰከንድ ይቆርጥና ቲክቶክ ላይ ይጥለዋል። ከሥሩ የሚጻፈውን ስድብ የጨፋሪዋ እናትም ጎረቤትም ያነቡታል። ይህ አንድ ጊዜ የደረሰባት ጨፋሪ ስልክ ባየች ቁጥር ወገቧን ትቆጥባለች። በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እቆጥባለሁ።

ሕጉም ቢሆን አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች በክዋኔያቸው መቀረጽና መሠራጨት ላይ መብት ሰጥቷቸዋል። ለራስ ለማየት መቅረጽና ለሺሕ ሰው መልቀቅ አንድ አይደሉም። ሕጉን ብንተወው እንኳ፣ ጨፋሪን ግንባር ላይ ብር እየለጠፉ መሸለም የቆየ ወጋችን ነው፤ ያ ሰውዬ ግን ቀርጾ ሲያበቃ አንድ ብር እንኳ አልሸለማትም።

ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቻችን እነዚህን ቪዲዮዎች እያዩ ናፍቆታቸውን እንደሚወጡ አውቃለሁ፤ ቀላል ነገር አይደለም። ለእነሱ ቢታሰብ ኖሮ ግን ቤቱ ራሱ አንድ ካሜራ ደህና ቦታ ተክሎ፣ ጨፋሪዎቹን አስፈቅዶና ከፍሎ በወጉ ይቀርጽላቸው ነበር።

የምግብ ቤቶቹ ባለቤቶች አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ገና በር ላይ ለእንግዳው ይንገሩት፦ ጎጃሙ፣ ጎንደሩ፣ ወላይታው ሲጨፈር ስልክ ኪስ ውስጥ ይቆያል፤ መዝጊያው ላይ ጉራጊኛው ሲመጣ የፈለገ ይቅረጽ። ያን ጊዜ ጨፋሪዎቹም እንደሚቀረጹ አውቀው፣ ላባቸውን ጠርገውና ነጠላቸውን አስተካክለው ይወጣሉ።