የጽዳት አገልግሎት ዋጋ በኑሮ ውድነት ወቅት፤ ከቆሼ እስከ ባለ መስታወት ሕንጻዎች

በአዲስ አበባ ከተማ ኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የረጲ ቆሻሻ ማስወገጃ፣ ሕዝቡ በሚጠራበት ስሙ ቆሼ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመዲናዋን ደረቅ ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የሦስት ቀናት ብሔራዊ ሐዘን ማወጁ ይታወሳል። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም ደግሞ በዚያው አካባቢ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል።

ስለ ቆሼ የተጻፈውና የተነገረው አብዛኛውን ጊዜ በአደጋው ላይ ያተኩራል። አካባቢው ግን ስለ ጽዳት ሥራ ዋጋ አተማመንም የሚያስተምረው ነገር አለ። በአሁኑ ወቅት በመዲናዋ የመስታወት ጽዳት አገልግሎት በመስጠት ላይ የሚገኙ ወይም በዘርፉ ለመሠማራት የሚያስቡ ወጣቶች ይህንን ተሞክሮ ቢመረምሩ ይጠቀማሉ።

በአዲስ አበባ የቤት ለቤት ቆሻሻ አሰባሰብ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በተደራጁ ወጣቶችና ሴቶች መከናወን በጀመረበት ወቅት ማኅበራቱ ዋጋ የሚስማሙት ከነዋሪው ጋር ነበር። ከጊዜ በኋላ የከተማው አስተዳደር የአገልግሎት ክፍያው ከውኃ ፍጆታ ሒሳብ ጋር ተዳምሮ እንዲሰበሰብ አደረገ። በዚሁ አሠራር የመኖሪያ ቤቶች ከውኃ ሒሳባቸው 20 በመቶ፣ የንግድ ድርጅቶች ደግሞ 42 ነጥብ 5 በመቶ እንዲከፍሉ ተወስኖ ነበር። ማኅበራቱም ወደ ገንዳ ያደረሱት ቆሻሻ በሜትር ኩብ እየተለካ 30 ብር ሲታሰብላቸው ቆይቷል።

አሠራሩ ገቢን አስተማማኝ ማድረጉ አይካድም። ሰብሳቢዋ እናት በየበሩ ቆማ ሳንቲም ከመለመን ድናለች። ይሁን እንጂ ሁለት ችግሮች አብረው መጡ። የመጀመሪያው የመለኪያው ነው። ክፍያው በመጠን እስከሆነ ድረስ ቆሻሻን ጠቅጥቆ መጫንም ሆነ በቤት ደረጃ እንዲቀንስ ማድረግ ለሰብሳቢው ገቢ ማጣት ነው፤ ብዙ ቦታ የያዘ ብዙ ይከፈለዋል። ሁለተኛው፣ በብር ቁጥር ተወስኖ የተቀመጠ ታሪፍ ጤፍ፣ ዘይትና የቤት ኪራይ ሲጨምሩ ባለበት ይቆማል። ታሪፉ በወረቀት ላይ ሳይነካ የሠራተኛዋ ድካም ዋጋ ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

ሁለቱም ችግሮች በመስታወት ጽዳት ሥራ ላይ ይደገማሉ።

በመዲናዋ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የተገነቡት ሕንጻዎች አብዛኞቹ ፊታቸው መስታወትና አልሙኒየም ነው። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራም የሕንጻ ባለቤቶች ለውጫዊ ገጽታ የሚሰጡትን ትኩረት ከፍ አድርጎታል፤ በግንባታው ወቅት የተነሳው አቧራ ራሱ ለጽዳት ሠራተኛው ሥራ ነበር። በቤት ውስጥ መስኮትን በውኃና በአሮጌ ጋዜጣ መወልወል ለሁላችንም የታወቀ ነው። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግን ጋዜጣ አይበቃም። ገመድ፣ የደህንነት ቀበቶ፣ የመጥረጊያ ጎማ፣ ተስማሚ ኬሚካልና የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዕቃዎች ከውጭ የሚገቡ ናቸው።

የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያም ቀደም ሲል፣ በ2014 ዓ.ም፣ የዋጋ ግሽበቱ ከ37 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ምንም እንኳ ግሽበቱ ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም፣ የግሽበት መቀነስ ማለት ዋጋው ወደነበረበት ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ደንበኛውም በበኩሉ በዚያው የኑሮ ውድነት ውስጥ ነው። ወጪ ልቀንስ ባለ ጊዜ እጁ ቀድሞ የሚያርፈው በጽዳት ላይ ነው።

በዚህ መካከል ያለ ማኅበር ዋጋውን እንዴት ይተምን? ብዙዎች የሚያደርጉት የጎረቤትን ዋጋ ጠይቆ ከዚያ ጥቂት መቀነስ ነው። ለስሌት እንዲያመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ የቀረቡ ናቸው።

ሦስት አባላት ያሉት ቡድን፣ ሁለቱ በገመድ ላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ፣ በቀን 220 ካሬ ሜትር መስታወት ያጸዳል እንበል። ለእያንዳንዱ 600 ብር አበል ቢታሰብ 1 ሺህ 800 ብር ይሆናል። ለትራንስፖርት 300፣ ለኬሚካልና ለአላቂ ዕቃ 400፣ ለገመድና ለቀበቶ መተኪያ 250፣ ለመድንና ለጡረታ መዋጮ 300፣ ለአስተዳደር ወጪ 250 ብር ይጨመርበት። ድምሩ 3 ሺህ 300 ብር፣ በካሬ ሜትር 15 ብር ነው። በወጪው ላይ 20 በመቶ ትርፍ ቢታከል የሚጠየቀው ዋጋ 18 ብር ይደርሳል። ቡድኑ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶ ይታከልበታል።

አሁን ሌላ ተወዳዳሪ በ13 ብር ቀረበ። በቀን የሚያገኘው 2 ሺህ 860 ብር ሲሆን ከወጪው 440 ብር ይጎድለዋል። ጉድለቱ ከየት ይሞላል? ሠራተኛው አበሉን ካልተቀበለ አይወጣም፤ ታክሲውም ያለ ክፍያ አይጭንም። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወር፣ ምናልባትም ለአንድ ዓመት ቢቀር ማንም የማያየው ወጪ የገመዱና የመድኑ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 550 ብር ይሆናሉ። የ13 ብሩ ዋጋ ትርፋማ የሚመስለው ያረጀው ገመድ እስኪበጠስ ድረስ መሆኑ ነው። የጨረታ ሰነድ ይህንን አያሳይም፤ የሕንጻው ባለቤትም ከመስኮቱ በስተውስጥ ሆኖ ሲያይ መስታወቱ በሁለቱም ዋጋ እኩል ያበራል።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ የገመዱ ወጪ በድርድር የሚነሳ ተጨማሪ ጉዳይ ሳይሆን የዋጋው አካል ነው። አገልግሎት ገዢ መሥሪያ ቤቶች የደህንነት መሣሪያንና የመድን ሽፋንን በቴክኒክ መስፈርታቸው ውስጥ ቢያስገቡ ውድድሩ በሰው ሕይወት ላይ መሆኑ ይቀራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ ጉዳይ ከማኅበራቱ ይልቅ የገዢዎቹ ኃላፊነት ነው፤ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚመርጠው እነርሱ ናቸውና።

ደንበኛው ዋጋ ቀንሱልኝ ሲል የሚሰጠው መልስ ሌላው ብርቱ ጥያቄ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ስሌት 10 በመቶ ቅናሽ ማድረግ 18 ብሩን ወደ 16 ብር ከ20 ያወርደዋል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 3 ብር የነበረው ትርፍ 1 ብር ከ20 ይሆናል። ያንኑ የትርፍ መጠን ለማግኘት ማኅበሩ ሁለት ተኩል እጥፍ መሥራት ይኖርበታል። በሌላ አነጋገር፣ ያለ ስሌት የተሰጠ ቅናሽ ከደንበኛው ይልቅ ለሰጪው ከባድ ነው።

ከዚህ የሚሻለው ዋጋውን ሳይሆን የሥራውን ስፋት መቀነስ ነው። በየወሩ ይጸዳ የነበረ የላይኛው ፎቅ በየሦስት ወሩ ቢጸዳ፣ እግረኛ የሚያየው ምድር ቤትና መግቢያው ግን በየሳምንቱ ቢወለወል የደንበኛው ወጪ ይቀንሳል፤ የካሬ ሜትሩ ዋጋ ግን አይነካም። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ሦስት አራት ሕንጻዎችን በአንድ ቀን መርሐ ግብር ማስያዝም የትራንስፖርትን ወጪ ያካፍላል፤ ከዚህ የተገኘ ቁጠባ ለደንበኛው ቢሰጥ ማንንም አይጎዳም። የዓመት ውል ለሚፈርም ደንበኛ የሚደረግ ቅናሽም ምክንያት አለው፤ ማኅበሩ ሥራ ፍለጋ የሚያባክነውን ቀን ያስቀርለታልና።

በተቃራኒው፣ ኬሚካል ተወደደ በሚል ዋጋን እጥፍ የሚያደርጉም አሉ። ስሌቱ ይህንንም አይደግፍም። በምሳሌው የኬሚካሉ ወጪ ከ400 ወደ 800 ብር ቢያድግ በካሬ ሜትር የሚጨምረው 1 ብር ከ82 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ከ18 ብሩ 10 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ደንበኛን የሚያስከፋው የዋጋ ጭማሪ ሳይሆን ያልተብራራ ጭማሪ ነው። ስለሆነም ውል ሲፈረም ዋጋው በየስንት ወሩ እንደሚከለስና በምን ምክንያት እንደሚለወጥ በአንድ አንቀጽ መስፈር ይኖርበታል። የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ታሪፍ የጎደለው ይኸው አንቀጽ ነበር።

ስለ መለኪያውም እንዲሁ። በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ለመዘግየት፣ በመስኮት ቁጥር የሚከፈለው ለመቸኮል ምክንያት ያገኛል። በካሬ ሜትር መተመን ለሁለቱም ወገን የተሻለ ግልጽነት አለው፤ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ተመኑም በደረጃ እንዲጨምር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ ፎቅን በመሰላል ማጽዳትና አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በገመድ መንጠልጠል በአንድ ዋጋ የሚተመኑ ሥራዎች አይደሉም።

ክረምት ሌላ ፈተና ነው። በዝናብና በነፋስ ገመድ ላይ መውጣት አደገኛ በመሆኑ ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ብዙ የሥራ ቀናት ይባክናሉ። የቢሮ ኪራዩና የብድር ክፍያው ግን ክረምት አያውቅም። የዓመቱ ወጪ ሲሰላ በ12 ወር ሳይሆን በእርግጥ ሥራ በሚሠራባቸው ቀናት መካፈል አለበት። በክረምቱ ወራት የውስጥ መስታወትና የወለል ጽዳትን በቅናሽ ማቅረብ፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚመጣውን የውጭ መስታወት ሥራ ደግሞ ያለ ቅናሽ መቀበል የሚቻልበት አሠራር ተገቢ ይሆናል።

የክፍያ መዘግየትም በዋጋ ውስጥ ይቆጠራል። ሥራውን በነሐሴ ሠርቶ ገንዘቡን በኅዳር የሚቀበል ማኅበር በመካከሉ ያለውን የደመወዝ ወጪ ከብድር ወይም ከአባላቱ ኪስ ይሸፍናል። ቅናሽ መስጠት ካስፈለገ ሥራው በተጠናቀቀ በሳምንት ውስጥ ለሚከፍል ደንበኛ መስጠቱ ተመራጭ ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በመንግሥት ግዢ ተፈቅዶ የቆየው የቅድሚያ ክፍያና ባደራጃቸው አካል ደብዳቤ ዋስትና የማቅረብ አሠራር ይህንኑ ችግር ለማቃለል የታሰበ ነበር።

ማኅበራቱ ከነገ ጀምሮ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ደብተርና አንድ ሜትር ይበቃል። ለአንድ ወር የጸዳው ካሬ ሜትር፣ ያለቀው ኬሚካል፣ የባከነው ቀንና ገመዱ የተገዛበት ዕለት ቢመዘገብ፣ በሚቀጥለው ጨረታ ላይ ከየትኛው ብር በታች መውረድ እንደማይገባ ይታወቃል።