ጥይት ሲከሽፍ

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎ ሲያጠፋ ጠመንጃ ይነሣል። (ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ ግን መተኮስ ክልክል ነው።) ቃታ ይሳባል፤ ቀጭ ይልና ዝም! ጥይቱ ከሸፈ። ያን ጊዜ አንዳንዱ አፈሙዙን ወደ ፊቱ አዙሮ ያያል። እኛን መምህራኑን የሚያስፈራን ይሄ ነው።

የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ሰውም ከብትም ወደሌለበት አዙራችሁ ቆዩ። ከ1 እስከ 60 ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። ቁጥር ተምረን የለ! ከዚያ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ጥይቱን አውጡ።

አሁን የጥይቱን ቂጥ እዩ። መርፌው በደንብ ወግቶት ካልፈነዳ ጥፋቱ የጥይቱ ነው፤ አርጅቷል ወይም እርጥበት ገብቶታል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 ነው። ታዲያ ጥይቱ ከየት አዲስ ይሆናል?

መርፌው በትንሹ ብቻ ነክቶት ከሆነ ሞላው ደክሟል፤ ወይም ቅባት ረግቶበታል። በጨንቻ ብርድ ቅቤ የተቀባ ጠመንጃ እንዲህ ይሆናል። በጨርቅ ጥረጉት፤ ቅቤው ለቆጮ ይሁን። ጭራሽ ምልክት ከሌለ መርፌው ተሰብሮ ይሆናል፤ ለጠመንጃ ሠሪ አሳዩ።

ከሁሉ የከፋው ድምፁ እንደ ሳል ደከም ብሎ ሲወጣ ነው። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ሌላ ጥይት ከተከተለበት በርሜሉ ይፈነዳል፤ እጅና ዓይን ይወስዳል።

እርጥብ ጥይት ምድጃ ዳር የሚያደርቁም አሉ። ልጆች የሚሞቁት እዚያው ምድጃ ዳር ነው። የከሸፈውን ጥይት ለፖሊስ አስረክቡ።